የአለላ ሜዳ ሰፌድ ጢም

የአለላ ሜዳን ሰፌድ ገልበጥ ቢያደርጉት፣ ስፌቱ ከሚጀምርበት ከመሃሉ ሥር ጣት የምታህል ያልተሸጎጠች የአክርማ ጫፍ ብቅ ብላ ትታያለች፤ የአገሩ ሴቶች «ጢም» ይሏታል። እንግዳ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። የአለላ ሜዳ ሴቶች ሰነፎች ናቸው የሚል ካለ ግን እፊታቸው ቆሞ ይበለውና እንየው።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ ደብሪቱ የምትባል ስፌት አዋቂ ነበረች፤ የእሷ ሰፌድ ፊቱ ከጀርባው አይለይም ይባልላት ነበር። አንዲት ልጇ እንጓዳይ ግን ጫፉን መሸጎጥ አልሆንላት ብሎ ሁልጊዜ ከሥሩ ታንጠለጥለው ነበርና፣ እናትየዋ «ይቺን የፍየል ጢም ሳትቆርጪ አታሳዪኝ!» እያለች ትቆጣት ነበር። ልጅቱም ትስቃለች እንጂ አትቆርጠውም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ አገር ሲራብ፣ እንጓዳይን አክስቷ ይዛት ወንዙን ተሻገረች። አክስቲቱ መንገድ ላይ እንደ ሞተች ወሬ መጣ፤ የልጅቱ ግን ደብዛዋ ጠፋ። ደብሪቱ ከማልቀስ ብዛት ዓይኗ ጠፋ ይባላል። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ገበያ ወጥታ፣ የመጣውን ሰፌድ ሁሉ እየገለበጠች ሥሩን ትዳብስ ጀመር። ገበያተኛውም «ዛሬም ሰፌድ ልታሺ መጣሽ?» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ ሰው አንዳንዴ ክፉ ነው።

ስንት ክረምት እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ጉም ገበያውን ሸፍኖት ሳለ፣ የደብሪቱ ጣት አንድ ሰፌድ ሥር ቀጥ አለ።

«ይህን የሰፋችው ማን ናት?» አለች።

«ከወንዙ ማዶ ያለች ባለትዳር ናት፣ እናቴ» አላት ነጋዴው። «እጇስ ሸጋ ነበር፤ ይህን ጢም ቁረጪው ብንላት ግን፣ የሚቆጣኝ ሰው እስኪመጣ አልቆርጥም ትላለች።»

ደብሪቱ ሰፌዱን ደረቷ ላይ አቅፋ ነጋዴውን ተከተለች። ጉሙ አብሯት ወርዶ ነበርና፣ ወንዙን ስትሻገር እግሯን ውሃ አልነካውም ይባላል። ከደጁም ስትደርስ ስም አልጠራችም።

«አሁንም ይቺን የፍየል ጢም አልቆረጥሽም?» አለች።

እንጓዳይ እያለቀሰች ቢላ አንስታ ወጣች፤ «እማዬ፣ ይኸው፣ ይኸው እቆርጠዋለሁ» ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ከአለላ ሜዳ አንድ ሰፌድ ገዝቼ ጢሙን ልቆርጥ ምላጭ ባወጣ፣ ሻጯ ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ተው አንተ» አለችኝ፤ «የሚዳብስ ሰው ይኖር ይሆናል።»