አህዪት ያነጠፈችው የጋሪ አልጋ

አንድ ጊዜ፣ የቆላው አንበሳ አርጅቶ ወገቡን መታመም ከጀመረ በኋላ፣ ደጋ ወጥቶ ሙግት እንዲዳኝ ተጠራ። ዝንጀሮዎችና ሚዳቋዎች በአንድ ግጦሽ ተጣልተው ኖሮ «ያለ አያ አንበሶ አንታረቅም» ብለው ነበር። መንገዱ የአምስት ቀን ነው። በእግሩ እንዳይሄድ ወገቡ አይችልም፤ ተሸክመውት እንዳይሄዱ ደግሞ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ስለዚህ ባለ አራት ጎማ ጋሪ ተሠራለት፤ ከላዩ የቅጠል ዳስ ተጣለበት፤ ሁለት ጎሾችም ተጠመዱለት።

አንበሳ ቀን ቀን መተኛት ይወዳል። ጎሾቹ እየጎተቱ እሱ ተኝቶ ሊደርስ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቀን ባዶ ሳንቃ ላይ ሲንገጫገጭ ዋለና አመሻሹ ላይ ግራ እግሩን እያነከሰ ወረደ።

«እንዲህ እንቅልፍ አጥቼ ደርሼ ምን ልፈርድ ነው? ከሳሽንም ተከሳሽንም መብላት እንዳይሆን ነው እኮ!» ብሎ አገሳ። «ስሙኝ! እዚህ ጋሪ ላይ ደኅና እንቅልፍ የሚያስተኛኝን አልጋ ላነጠፈልኝ፣ የጠየቀኝን እሰጠዋለሁ።»

አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ «ለእኔ ተዉት!» አለ። ከየት እንዳገኘው እግዜር ይወቅ፣ ገና ያልደረቀ ወፍራም የበሬ ቆዳ እየጎተተ አመጣና ሳንቃው ላይ ዘረጋው። ጎሾቹ ፊታቸውን አዞሩ። ቆዳው ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። ክፋቱ አያ ጅቦ ራሱ ጠባቂ ሆኖ አጠገቡ መቀመጡ ነው። መጀመሪያ ጠርዙን አስተካከለ፤ በጥርሱ። ከዚያ አንዱ ጎን ረዘመበትና እሱንም አስተካከለ። በማግስቱ አያ አንበሶ ሊተኛ ሲመጣ የጠበቀችው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነበረች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትራስ ነው ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ።

ያን ቀንም ያለ እንቅልፍ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እመት ቀበሮ ተራዋን ወሰደች። ጤዛው ያልረገፈለት ለምለም ሣር አሳጭዳ ጋሪው ላይ ኩይሳ የሚያህል ቆለለች፤ ቢጫ አበባም ነሰነሰችበት።

«ጌታዬ፣ ለእርስዎ ጎን የሚገባው ደመና ነበር። ምን ላድርግ፣ አልደርስበት አልኩ!» አለች ጎንበስ ብላ።

አያ አንበሶ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ለስላሳ ነው። ደስ ብሎት ወጣና ተኛ። ጋሪው ሁለት ጠመዝማዛ ሳያልፍ ግን ሣሩ ተደፈጠጠ፤ እርጥበቱ ሆዱን አቀዘቀዘው፤ መንገዱ ዘመም ሲል እሱም ተንከባለለና ግራ ዳሌው ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተላተመ። ጩኸቱ ወፎችን ከዛፍ አስነሣ።

«አልጋው ምንም አላጠፋም» አለች ቀበሮ ዓይኗን ሳታርገበግብ። «ጥፋቱ የመንገዱ ነው።»

ከሁሉም ኋላ ውኃ ተሸክማ የምትከተል አንዲት አህያ ነበረች። በዚያ አገር ልማድ ምንጭ ሲገኝ አንበሳ ከምንጩ ዓይን ይጠጣል፤ ሌላው በየማዕረጉ ይከተላል፤ አህያ ግን ሁሉም ከረገጠው በኋላ ጭቃውን ትጠጣለች። የዚያን ሁሉ ጉዞ ውኃ የምታመላልሰው ራሷ ሆና ሳለ፣ ከንጹሑ አንድ ጉንጭ ቀምሳ አታውቅም።

«እኔ አነጥፋለሁ» አለች አህዪት።

አያ ጅቦ በሳቅ ወደቀ። አያ አንበሶ ግን መሳቂያ አቅም አልነበረውም። «ምን ትፈልጊያለሽ? ገብስ?»

«ገብስ አልፈልግም። ከምንጩ ዓይን መጠጣት ነው የምፈልገው። እኔም፣ ዘሬም።»

«ይሁን» አለ አንበሳው። «ካልተኛሁ ግን ይህን ጥያቄ አንቺም ዘርሽም ዳግመኛ እንዳታነሡት።»

«ይሁን» አለች። አንገቷን አልደፋችም።

በአራተኛው ቀን ገና ሳይነጋጋ ሥራ ጀመረች። «ጉዞውን ጠዋትና ማታ እናድርገው፤ ፀሐይ ሲከር ጥላ ሥር እናቆማለን» አለች። ጋሪው ዋርካ ሥር ሲቆም በሣህን ውኃ ሞልታ ሳንቃው ላይ አስቀመጠች፤ ውኃው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ባየች ጊዜ በዚያ በኩል ካለው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባች። ሳንቃዎቹን አንድ እያለፈች ነቀለችና አየር ከሥር እንዲገባ አደረገች። በላያቸው የቃጫ ገመድ በጥርሷ እየሳበች ጥብቅ አድርጋ ጠለፈች። ጠፍር ያልመረጠችው አያ ጅቦን ስለምታውቀው ነው። ገለባ ፀሐይ ላይ አሰጥታ፣ እሾኩን ለቅማ፣ ዳር ዳሩን ወፈር አድርጋ ዘረጋችው፤ በግራ ዳሌው በኩል ግን ጎድጎድ አድርጋ ተወችው። ከላይ ሰሌን አለበሰችው።

«አያችሁ? ጌታችንን ጉድጓድ ውስጥ ልታስተኛው ነው!» አለች ቀበሮ።

አህዪት ዘወር ብላ ጀርባዋን አሳየቻት። ጠጉር የማይበቅልበት አሮጌ ገጣባ አለ። «ይህ ቁስል የዳነው ጫኚዬ የቁስሉን ቦታ ከፍቶ ዙሪያውን ብቻ መደላድል ስላደረገልኝ ነው። የታመመ ቦታ እንዳይነካ ነው የሚፈልገው። ጌታችን ከጋሪ ሲወርድ በየትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላ አይቻለሁ።»

አያ አንበሶ ወጣ፤ ተጋደመ፤ አንዴ ቃተተ። ወዲያው ማንኮራፋቱ ተሰማ። የነቃው ጥላው ረዝሞ ነው። ሲወርድ አላነከሰም።

ጥቂት ተጉዘው ከምንጭ ደረሱ። አህዪት ወደ ፊት ስትራመድ ቀበሮ መንገዷን ዘጋች። «ጌታዬ፣ አይታለሉ! ሦስት ቀን ያልተኛ አራተኛው ቀን ላይ ድንጋይም ላይ ይተኛል። ያስተኛዎት ድካም ነው፤ እሷ ምን አደረገች?»

አያ አንበሶ አመነታ። እንስሳቱም «እውነቷን ይሆን?» እየተባባሉ አጉረመረሙ። አህዪት አልጮኸችም፤ አልማለችም። ወደ ጋሪው ተመለሰችና የገመዱን ቋጠሮ በጥርሷ መፍታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አንበሳው ደንግጦ።

«ያስተኛዎት ድካም ከሆነ አልጋዬ ምን ይሠራል? ነገ በእመት ቀበሮ ሣር ላይ ይተኛሉ።»

«ተዪው!» ብሎ አገሳ፣ ምንጩ እስኪርገበገብ ድረስ። «ያን ገመድ እንዳትነኪው! ቀበሮ፣ ዞር በይ! ከእኔ እኩል ትጠጣ!»

አህዪት ከአንበሳው ጎን ቆመች። ውኃው ከሥሩ ጠጠሩ ይታያል፤ የገዛ ፊቷንም አየችበት። እንዲህ ያለ ፊት እንዳላት እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ኩራት ተሰማት፤ እኔም ስነግራችሁ ይሰማኛል። ዝግ ብላ ጠጣች።

«ቶሎ በይ እንጂ፣ ጠማን!» አለ አያ ጅቦ ከኋላ።

«አያቶቼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል» አለች ቀና ሳትል። «አንተ እስክረካ ጠብቅ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ማሳረፍ የሚችለው ሕመሙን ልብ ብሎ ያየ እንጂ በቃል የሸነገለ አለመሆኑን፣ ሙያ ያለውም የሙያውን ክብር አንገቱን ሳይደፋ መጠየቅ እንደሚገባው ነው።