ጠባሳ የሌላት ኦርሶላ

አንድ በሐር ንግድ የከበረ ሰው በጥንት ዘመን በጣሊያን አገር ይኖር ነበር። ኦርሶላ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ያን ጊዜ መቼም ፎቶግራፍ የሚባል ነገር የለም፤ ልጁን ለሩቅ አገር መስፍን ሊድር ያሰበ አባት መጀመሪያ መልኳን በሰዓሊ አሥሎ ይልክ ነበር።

ኦርሶላ ቆንጆ ናት። ግን በልጅነቷ ፈንጣጣ ይዟት ጉንጯ ላይ ጠባሳ ትቶባታል። አባቷ ያስጠራው ሰዓሊም እንዳያት አድርጎ ሣላት። አባትየው ሥዕሉን ሲያይ ደነገጠ።

«ልጄን ቆሞ ቀር ልታደርጋት ነው እንዴ? ያንን ጠባሳ አጥፋልኝ» አለው።

ሰዓሊው ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው። ጠባሳው ላይ ቀለም ደረበበትና ሥዕሉ ለአንድ የሩቅ አገር መስፍን ተላከ። ኦርሶላን የጠየቃት ሰው የለም።

መስፍኑ ሥዕሉን ወደደና ይዞት ራሱ መጣ። ኦርሶላ ፊቷን ሳትሸፍን ወጥታ እጅ ነሳችው። እሱም አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እሷን እያየ ግራ ገባው።

«ይህቺ ማን ናት?» አለ ወደ ሥዕሉ እያመለከተ።

«እኔም አላውቃትም፣ ጌታዬ። የአባቴ ፍርሃት የወለዳት ናት» አለችው።

አባትየው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። መስፍኑ ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድፍረቷን ወደደላት።

«ግድ የለም፣ አገባሻለሁ» አላት። «ሥዕሉ ግን እንዳለ ይሁን። አዳራሼ ውስጥ እሰቅለዋለሁ፤ እንግዳው ሁሉ በሱ ይወቅሽ።»

ኦርሶላ አዘነች፤ እሷም ወዳው ነበርና። ቢሆንም ቀና ብላ እንዲህ አለችው፦ «ሌላ ሴት አዳራሽ ሰቅለህ እኔን ጓዳ ልታኖረኝ ነው? እኔ ይህን ጠባሳ ይዤ ከሞት የተረፍኩ ሰው ነኝ። እናቴ እኔን ስታስታምም በዚያው በሽታ ነው የሞተችው። በሱ የሚያፍር ቤት የእኔ ቤት አይሆንም።»

መስፍኑ ሥዕሉን ትቶ ሄደ። አባትየው የሚስቱ ነገር ሲነሳ እንባው መጥቶ ነበር። ወዲያው ሰዓሊውን አስጠራ። ሰዓሊውም ቀለሙን ይዞ መጣና «ምን ልጨምርበት፣ ጌታዬ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም አትጨምር። የደረብከውን ፍቀህ ልጄን መልስልኝ» አለው።

ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ሥዕሉን ከቤቱ መግቢያ ሰቅሎ፣ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ናት» እያለ ደረቱን ነፍቶ ያሳይ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ሰው እንዲወደን ብለን መልካችንን ስንቀባ የሚወደደው ሌላ ሰው ነው፤ እኛማ ጓዳ ቀርተናል። ያለፍንበት መከራ የተወብን ምልክት ማፈሪያችን አይደለም፣ መታወቂያችን ነው። ለመሆኑ እናንተን የወደደ ሰው ፊት ለፊት ቢያገኛችሁ፣ ያውቃችኋል?