ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

«አንድ ሸማኔ ነበረ» አሉ በጤና ጣቢያ ቁስል ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡት ድሬሰር። ነርሷ የጠየቀቻቸው ስለ ሸማኔ አልነበረም። «ጋሼ፣ አእምሯቸው ቶሎ የማይቀበል ትልልቅ ሰዎች ይመጡብኛል። ስለ ጤናቸው አሥሬ እነግራቸዋለሁ፤ አይገባቸውም። ምን ላድርግ?» ነበር ያለቻቸው። እሳቸው ግን ጥያቄን በቀጥታ የመመለስ ልማድ የላቸውም።

ሸማኔው ዋዳ ይባላል። ዕድሜው አርባን አልፏል። ፊደል አልቆጠረም፤ ረዘም ያለ ነገር ከነገሩት መጨረሻውን ሲሰማ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ሽመናው ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው። እግሮቹን ከሽመና ዕቃው ሥር ወዳለው ጉድጓድ ሰድዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ሲረግጥ፣ አንዴ ያየውን ጥለት ከዓመት በኋላ አንድ ቀለም ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ነጠላውን ገበያ የምታወጣው ታላቅ እህቱ ናት፤ ለደንበኞቿ የምታሳየውን የጥለት ፎቶ በስልኳ የሚያነሳላት ግን እሱ ነው።

አንድ ዓመት ስኳር በሽታ ተገኘበት። እግሮቹ መደንዘዝ ጀመሩ። ሐኪሙ እህቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ስኳሩ ካልወረደ ውሎ አድሮ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል ነገራት። ዋዳ ያለ እግሩ ሸማኔ አይደለም፤ ሸማኔ ካልሆነ ደግሞ ለሰፈሩ ምስኪኑ ዋዳ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው። እህቱ ይህን አስባ ደጅ ቆማ አለቀሰች።

ከጤና ጣቢያው አንድ ወረቀት ሰጡት። የሚበላው፣ የማይበላው፣ የሚራመድበት ሰዓት፣ ሁሉም በወግ ተጽፎበታል። «ይህ ወረቀት ያድንሃል፤ እንዳትጥለው» ተባለ። ዋዳ የተባለውን ፈጸመ። በፌስታል ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሲተኛም አልተለየውም። በወሩ ሲለካ ስኳሩ ብሶበት ተገኘ። ዋዳ በጣም ገረመው። ፌስታሉን ፈትቶ ወረቀቱን አሳየና፣ «አንድ ቀን እንኳ አልጣልኩትም እኮ» አለ። በክፍሉ የነበሩት ሳቁ። እህቱ አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ መላዋ ሁሉ ቁጣ ሆነ። የስኳሩን ጣሳ ቆለፈችበት። እሱ ሻይ ቤት ሄዶ አራት ማንኪያ አስጨምሮ ይጠጣል፤ ስትጠይቀው መዋሸት ስለማያውቅ «ጠጣሁ» ይላታል። ትጮኻለች፤ እሱ አንገቱን ይደፋል፤ በማግስቱም ያው ነው።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር የወዳጇ መርዶ መጣባት። ለለቅሶ ሦስት ቀን መቆየት ሊኖርባት ነው። ማን ይቆጣጠረዋል? ስልኳን ትታለት ልትሄድ አሰበችና፣ በየሰዓቱ እንደ ማንቂያ ደወል እየጮኸ እንዲናገር ድምፅዋን ትቀዳበት ጀመር። «ዋዳ! ሻይ በስኳር እንዳትጠጣ ብዬሃለሁ!» ዋዳ ጆሮውን ያዘ።

«አንቺማ ትቆጪኛለሽ» አላት። «እኔ ልንገረው።»

«ለማን?»

«ለዋዳ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። መኪናው እንዳያመልጣት ፈርታ ይሁን ደክሟት እንጃ፣ ስልኩን ሰጠችው። ዋዳ ጥለት ሊጀምር ሲል እንደሚያደርገው ክሮቹን አንድ በአንድ አየ። ተነሳና ቀይ ክር ቆርጦ በአንዱ ኩባያ ጆሮ ላይ አሰረው። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ በዝግታ ተናገረ። «ዋዳ፣ ሻይ አማረህ አይደል? ቀዩን ኩባያ ያዝ። በቀዩ ስኳር አይገባም። እግርህ ለሽመና ይፈለጋል።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «በቃ አሁን ከጉድጓዱ ውጣ። ጫማህን አድርግና እስከ ድልድዩ ደርሰህ ና።»

ከለቅሶ ስትመለስ ባለ ሻይ ቤቱ መንገድ ላይ አስቁሞ ያየውን ነገራት። ዋዳ ሦስቱንም ቀን የራሱን ኩባያ ይዞ መጥቶ ያለ ስኳር ጠጥቷል። ስልኩ ሲናገር አንገቱን አይደፋም፤ ፈገግ ይልና «እሺ ዋዳ» ብሎ ይነሳል።

እህቱም ከዚያ ወዲህ መቆጣቱን ትታ የዋዳ ድምፅ በስልኳ እንዲናገር ተወችው። ስኳሩ በአንድ ጊዜ አልወረደም። ኩባያውን ረስቶ የወጣበት ቀንም አለ። ግን ወረደ፤ ዋዳም ዛሬ ድረስ በሁለት እግሩ መርገጫውን ይረግጣል።

አዛውንቱ ወደ ነርሷ ዞሩ። «አይገባቸውም አልሽኝ። ዋዳም ወረቀቱ አልገባውም ነበር፤ የገዛ ድምፁ ግን ገባው። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲነግረው ኖረ፤ እስቲ አንተ ንገረን ያለው አልነበረም። አንቺም ልክ እንደዚያች እህት ነሽ፣ ልጄ፤ ስለምታስቢላቸው ትጮኺያለሽ። ነገ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ ምን ማድረግ እንደሚወድ ጠይቂው። ዘፈን ከሆነ ምክሩን ይዝፈነው፣ ሥዕል ከሆነ ይሳለው፣ ስልክ ከሆነም ስልኩን ስጪውና አንቺ ዝም በይ።»

«ወረቀቱስ ምን ሆነ?» አለች ነርሷ።

«እኔ ጋ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ይሉኝ ነበር። ከሳቁትም አንዱ እኔ ነበርኩ። ስኳሩ ሲወርድ ዋዳ ከነፌስታሉ አምጥቶ መለሰልኝ። ‹እኔን ዋዳ ይነግረኛል፤ ይህን ለሌላ ሰው ስጡት› አለኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠሁትም።»