የደንገዞ አምስተኛ ዝምታ

በደንገዞ ከተማ ሠርግ የተጠራ እንግዳ፣ ጭፈራው በጋለበት ሰዓት ባንዱ ድንገት ፀጥ ሲል መብራት የጠፋ ይመስለዋል። መብራቱ ግን አልጠፋም። ድራም መቺው ዱላዎቹን አንሥቶ እንደያዘ ይቀራል፣ ዘፋኙ ፊቱን ከማይክሮፎኑ ያዞራል፣ ሙሽሮቹም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ባሉበት ቀጥ ይላሉ፤ አራት ምት ያህል ቆይቶ ዘፈኑ ይቀጥላል። ይህ በአንድ ዘፈን ውስጥ አምስት ጊዜ ይሆናል። በአምስተኛው ላይ ደግሞ ትልቁም ትንሹም እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፣ እናቶችም የራሳቸውን ትተው የልጆቻቸውን አፍ ይከድናሉ። ምነው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ እዚያው የሚመልስለት የለም፤ ዘፈኑ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ ነው ቀስ ብሎ የሚነገረው።

የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ነገሩ የተጀመረው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ አምስት የደንገዞ ልጆች ማሚቶ ባንድን ባቋቋሙ ጊዜ ነው። ልሳኑ ጊታር፣ ሰይድ ቤዝ፣ ጉልላት ኦርጋን፣ ይመር ድራም ይጫወታሉ፤ የልሳኑ ታናሽ እህት ስንዱ ትዘፍናለች። የኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት በከተማው መጀመሪያ በተሰማ ዕለት ላሞች በረት ሰብረው ወጡ ይባላል፤ በሳምንቱ ግን ባለላሞቹ ራሳቸው ከፊት ወንበር ይዘው ታዩ። ልብስ ሰፊው ከቤል ቦተም ሱሪ በቀር ሌላ መስፋት ተወ። ጸጉር ቆራጩማ ወጣቱ ሁሉ አፍሮ ስላሳደገበት ሳምንቱን ሙሉ ባንዱን ሲራገም ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ሲሆን ሱቁን ዘግቶ ሊሰማቸው ይሮጥ ነበር። ይህን ያህል ተወደዱ።

ከከተማው ራስጌ ቀይ ገደል አለ። ልጆቹ ማጉያቸው አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ገመድ ስበው ወደ ገደሉ ያዞሩታል፤ ገደሉም ድምፁን ተቀብሎ በሜዳው ላይ ይበትነዋል። ከዚህ አሠራራቸው የተወለደ «የስም ዘፈን» የሚሉት ዘፈን ነበራቸው። ልሳኑ በማይክሮፎኑ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፣ ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ይመር በልቡ አራት ይቆጥራል፣ ገደሉ ስሙን ሲመልስ ዘፈኑ ከዚያው ላይ ይነሣል። ሙሽራ ስሟን ታስጠራለች፣ ከበሽታ የዳነ ስሙን ያስጠራል፤ በቀይ ገደል ስሙ ያልተጠራ ሰው የደንገዞ ተወላጅ መሆኑን ራሱ ይጠራጠር ጀመር።

ነገሩን ያልወደዱት ከገደሉ ሥር ያለችውን ምንጭ የሚጠብቁት አያ እንድሪስ ብቻ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ልጆቹ ዕቃቸውን እስኪሰበስቡ ጠብቀው ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን አልጠላሁትም። ግን ስም ጠርታችሁ፣ መልሱ ሳይመጣ ከቦታችሁ እንዳትነሡ። ያልተቀበላችሁት ስም እሱ ዘንድ ይቀራል።»

«ገደል ስም ምን ያደርግለታል አያ?» ብሎ ሳቀ ልሳኑ።

«እኔ ምን አውቄ! እናንተ ናችሁ የምታነጋግሩት» አሉና ሄዱ።

ስንዱ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም በተጠራ ቁጥር፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ትንፋሿን ትይዝ ነበር።

ለውጡ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ማሚቶ ባንድ ዘፈኖቹን በሸክላ እንዲያስቀርጽ አዲስ አበባ ተጠራ። እንደሚነገረው፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማው በሙሉ ሊሸኛቸው ሜዳው ላይ ወጣ። መሣሪያው ሁሉ በጭነት መኪና ተጭኗል፤ ሹፌሩ ወንዙ ሳይሞላ ለመሻገር ቸኩሎ ጥሩምባውን ይነፋል። ልሳኑ ግን ደንገዞን ያለ ስም ዘፈን መሰናበት አልሆነለትም። ከመኪናው ላይ ቆሞ፣ ማጉያው ስለተጫነ እጆቹን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ «ይመር! ሰይድ! ጉልላት! ልሳኑ!» እያለ ወደ ገደሉ ተጣራ። አራቱን ስም ያለ እረፍት ደራረበው። ስንት ዓመት የጠበቀውን አራት ምት በአንድ ሹፌር ጥሩምባ ረሳው። በመጨረሻም «ስንዱ!» ብሎ ተቀመጠና መኪናው እንዲነሣ ጣራውን ደበደበ።

ስንዱ አንድ እግሯን ጋቢናው ላይ አድርጋ ነበር። እግሯን መልሳ አወረደች።

«ጋሼ፣ ስማችን እኮ አልተመለሰም!»

«ስንመለስ እንቀበለዋለን፤ ግቢ አሁን!»

«ሳልቀበል አልሄድም። እናንተም ውረዱ፣ በፈጠራችሁ!»

ልሳኑ ደግ ወንድም ነበር፤ ግን ያን ያህል ሰው እያየው በታናሽ እህቱ ቃል ከመኪና መውረድ ከበደው። «እንግዲያው ነገ በአውቶቡስ ተከተይን!» አላት ተቆጥቶ።

«እሺ፣ ነገ እከተላችኋለሁ» አለች።

መኪናው ሄደ። ስንዱ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ አራት ቆጠረች፤ ገደሉ ዝም አለ። እንደገና አራት ቆጠረች። መኪናው ኩርባውን አልፎ ከዓይን ሲሰወር፣ ገደሉ በወንድሟ ድምፅ «ስንዱ!» አለ። ሌላ ስም አልጨመረም።

ያን ጊዜ ልጅቷ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ስልክ ቤት ገብታ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የፖሊስ ጣቢያ መኪናውን እንዲያስቆምላት ለመነች። ስልከኛው እጀታውን ደጋግሞ አዞረ። መስመሩ ሲገኝ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰው «ከደንገዞ የመጣ መኪና የለም» አለ፤ ቢጠበቅም፣ በማግስቱም በሳምንቱም አልመጣም። አንዳንዶች ጎርፍ ወሰደው ይላሉ፤ ግን ጎማ እንኳ አልተገኘም። ሌሎች ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚያ ዘመን መንገድ ወጥቶ የቀረውን ሁሉ ወንዝ አልወሰደውም ይላሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስንዱ ሜዳው ላይ ወጣች፤ ሕዝቡም ተከተላት። «ይመር!» አለች፤ ገደሉ ዝም አለ። «ሰይድ!» ዝም። «ጉልላት!» ዝም። «ልሳኑ! ወንድሜ!» ብላ እየጮኸች ተንበረከከች፤ ቅጠል ቢወድቅ ይሰማ ነበር። ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ልታነሣት «ስንዱ፣ ተይ እንጂ» ስትል፣ ቀስ ብሎ የተነገረውን ያን ስም ገደሉ ወዲያው ተቀብሎ መለሰው። ሰው ሁሉ ሳይሰነባበት ወደየቤቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የስም ዘፈን በሠርግ መዘፈኑ አልቀረም፤ የደንገዞ ሰው ማሚቶን እንዴት ይርሳ! ስም የሚጠራ ግን ጠፋ። በጥሪው ቦታ አራት ዝምታ ብቻ ቀረ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ስንዱ ዳግመኛ አልዘፈነችም፣ አውቶቡስም አልተሳፈረች። ልብስ መስፋት ተምራ የከተማውን ሙሽሮች ስታለብስ ኖረች። የራሷን ስም ብቻዋን ተቀብላ መቅረቷ እንደ ስርቆት ሆኖ ይቆጠቁጣት ነበር። «ነገ ብያቸው» ትል ነበር፣ መርፌዋን እንደያዘች፤ ሌላ አትጨምርም።

አርባ ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ቀሚሷን ራሷ የሰፋችላት የጎረቤት ልጅ ስትዳር፣ እትዬ ስንዱ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር አሉ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል፤ ፀሐይዋ ገደሉን አቅልታዋለች። ባንዱ ለይመር ዝም አለ፣ ለሰይድ ዝም አለ፣ ለጉልላት ዝም አለ። ለልሳኑ ዝም ባለ ጊዜ ግን ገደሉ መለሰ። ማንም ያልጠራውን ስም፣ በወጣት ወንድ ድምፅ፣ «ስንዱ!» አለ።

የሙሽራዋ እናት እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «እትዬ ስንዱ፣ ላልታወቀ ድምፅ አቤት አይባልም! ዝም በይ!»

«ለኔማ የታወቀ ነው» አለች ስንዱ። ከዚያም በዕድሜ የገፋው ሠርገኛ ሁሉ በሚያውቀው፣ አርባ ዓመት ባልተሰማው የዘፈን ድምፅዋ፣ «አቤት ጋሼ! ነገ ብዬህ ቆየሁብህ!» ብላ ተነሣች። የያዛት እጅ እንዴት እንደለቀቃት የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ አታውቅም። ተከትለዋት የሮጡት ምንጩ አጠገብ ነጠላዋን ተጣጥፎ አገኙት፤ ሌላ ያገኙት ነገር የለም። ስሟን ቢጣሩ፣ ገደሉ ዝም አለ።

ስለዚህ ዛሬ በደንገዞ ዝምታው አምስት ነው። በአምስተኛው ላይ ሠርገኛው ሁሉ ከቀይ ገደል ፊቱን አዙሮ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አራት ይቆጥራል። ሕፃን ልጅ ግን ስሙን ሲጠሩት አቤት ማለት ለምዷልና፣ እናቱ ቆጥራ እስክትጨርስ ድረስ አፉን አጥብቃ ትይዛለች።