ወንበር የተለቀቀለት ስልክ

የዘይት መጭመቂያው አክሲዮን ማኅበር ዘበኛ ሦስት አክሲዮን ነበረችው። አብዛኛውን የያዘው ባሕር ማዶ ያለ አንድ ባለጠጋ ነው። ይህ ሰው ማሽኑ ተነቅሎ ወደ አገሩ እንዲጫን በጉባኤ አስወሰነ። ዘበኛው ዝም አላለም፤ ከሰሰው።

በቀጠሮው ቀን የባለጠጋው ጠበቃ ከረባቱን እያስተካከለ ተነሣ። "ደንበኛዬ የውጭ ዜጋ ናቸው። ይህን አገር ረግጠው አያውቁም። ይህ ፍርድ ቤት እዚህ በሌለ ሰው ላይ ሥልጣን የለውም" አለና ዘበኛውን ገላምጦት ተቀመጠ።

"አባት፣ ምን ይላሉ?" አሉ ዳኛዋ።

"እውነቱን ነው፣ ክብርት ዳኛ። ለጉባኤውም በእግራቸው አልመጡም፤ በዚህ ጠበቃ ስልክ ነው ድምፅ የሰጡት። 'በአካል እንደተገኙ ይቆጠራል' ስለተባልን ስልኩን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የታሸገ ውሃም ከፈትንለት። ወንበሩን የለቀቅሁለት እኔ ነኝ፤ ጉባኤው እስኪያልቅ ቆሜ ዋልሁ።"

ጠበቃው ቀስ ብሎ ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

"እና አሁንም ያ ስልክ ይውጣና የተከሳሽ መቆሚያ ላይ ይደረግልኝ" አለ ዘበኛው። "ዛሬ እንኳ እሳቸው ይቁሙ፣ እኔ ልቀመጥ።"