ልጇን መታቀፍ ያማራት አራስ

ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ።

አስካለች የምትባል አራስ ነበረች። ልጇ ያለጊዜዋ የተወለደች ሚጢጢ ስለሆነች በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝታለች። በሦስተኛው ቀን አስካለች አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ልጇን መታቀፍ። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች።

«ሲስተር ወይንሸት፣ ልጄን ልታቀፋት።»

«አይሆንም እህቴ» አለች በሩ ላይ የቆመችው ነርስ። «አልጋዎቹ ላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ሁለት ሕፃናት ትኩሳት ይዟቸዋል። ልጅሽን ንጹሕ ወደሆነው ውስጠኛ ክፍል አሻግረናታል፤ መንገዱ ግን በዚሁ ነው። ይኼኛው ሳይታጠብ በሩን አልከፍትም።»

ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ እትዬ ደብሪቱ ሄደች። «እትዬ፣ ክፍሉን ይጠቡልኝ። ካልታጠበ ሲስተር አትከፍትም፤ ካልከፈተች ልጄን አልታቀፍም።»

«በምን ልጠበው የኔ ልጅ? ያለ በረኪና መወልወል ጀርሙን ከጥግ ወደ ጥግ ማንሸራሸር ነው።»

ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ወደ አቶ ዘርጋው ሄደች። «ጋሼ፣ በረኪና ይስጡኝ። ካልሰጡኝ እትዬ አያጥቡም፤ ካላጠቡ ሲስተር አትከፍትም፤ ካልከፈተች ልጄን አልታቀፍም።»

«ዶክተር ካልፈረሙ አልሰጥም።»

ወደ ዶክተሩ ሮጠች፤ አራስ እንደምትሮጠው ማለት ነው፣ ስፌቷን ደግፋ። «ዶክተር፣ ይፈርሙልኝ። ካልፈረሙ ጋሼ አይሰጡም፤ ካልሰጡ እትዬ አያጥቡም፤ ካላጠቡ ሲስተር አትከፍትም፤ ካልከፈተች ልጄን አልታቀፍም።»

ዶክተሩ ሁለት እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። «ቁስል ሳክም ጓንቴ ተቀደደ። በዚህ እጄ ወረቀት ብነካ ጀርሙ በፊርማዬ ይዞራል። ቧንቧው ደግሞ ደርቋል። ውሃ ካልመጣ አልፈርምም።»

አስካለች ሳቋ አመለጣት። የሆስፒታሉ ቧንቧ ሠራተኛ የገዛ ባሏ ተካልኝ ነዋ! ልጃቸው በተኛችበት ውስጠኛ ክፍል መስኮት ሥር መፍቻውን ይዞ ተቀምጦ አገኘችው።

«ተካልኝ፣ ውሃውን ልቀቅልኝ። ካልለቀቅህ ዶክተር አይፈርሙም፤ ካልፈረሙ ጋሼ አይሰጡም፤ ካልሰጡ እትዬ አያጥቡም፤ ካላጠቡ ሲስተር አትከፍትም፤ ካልከፈተች ልጄን አልታቀፍም።»

«እኔ ደግሞ ልጄን እናቷ ታቅፋት ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ዞር ስል አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?»

አጠገቡ ቁጭ አለች። «እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ግን አንተ እዚህ ስትጠብቃት ነው ውሃው የቀረው። ሂድ፤ መስኮቱን እኔ እጠብቃለሁ።»

ተነሳ። ያን ጊዜ ተካልኝ ቧንቧውን ፈታ፤ ውሃው ዷ ብሎ ወረደ፤ ዶክተር ታጥበው ፈረሙ፤ ጋሼ ዘርጋው በረኪናውን ሰጡ፤ እትዬ ደብሪቱ ወለሉን፣ አልጋውን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ፈተጉ፤ ሲስተር ወይንሸት በሩን ከፈተች፤ አስካለችም እስከ ክርኗ በሳሙና ታጥባ ገባች።

ሚጢጢዋን ደረቷ ላይ አስተኟት። ሕፃኗ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ እናቷን አየች፣ አፏን በሰፊው ከፍታ አዛጋች፣ ተመልሳም ተኛች። ሁለቱ ሕፃናትም ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳታቸው በረደ።

እኔ ጨረስኩ፤ እናንተ ለጎረቤት አቀብሉ።