የቀዩ ከረሜላ ልብስ

በአንድ ወቅት፣ ከረሜላን በእጅ መጠቅለል ሊቀር ዳር ዳር ሲል፣ በአንድ የከረሜላ ፋብሪካ ከረሜላ የሚጠቀልሉ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አመለወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት ጠቅልላለች፤ ዘይነባና ሽታዬ ከእሷ በኋላ የመጡ ናቸው። የመጠቅለያ ማሽን ተገዝቶ ሲመጣ፣ ሥራቸው በእንቁጣጣሽ ማግስት እንደሚያበቃ ተነገራቸው።

በዚያው ሳምንት የፋብሪካው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በበዓሉ ግብዣ ላይ ከረሜላ የሚመስል ምርጥ ልብስ ይዛ የቀረበች ሴት፣ በየበዓሉና በየድግሱ እየዞረች ከረሜላውን የምታስተዋውቅ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ዕድሜ፦ ከሃያ አምስት በታች።

አመለወርቅ አነበበችውና ደሟ ፈላ። ወረቀቱን በሰው ፊት ገነጠለችው።

«ጣታችን እስኪላጥ የጠቀለልነው እኛ! ልብሱንም እኛው እንለብሳለን!»

«ያባርሩናል እኮ፣ እትዬ» አለች ሽታዬ።

«ተባረን የለም እንዴ? ደግሞ ከየት ሊያባርሩን ነው?»

ማታውኑ ምን ዓይነት ከረሜላ እንደሚሆን ተከራከሩ። ዘይነባ ነጩን የናና ከረሜላ ወደደች፤ ሽታዬ ባለእንጨቱን። አመለወርቅ ግን «ቀዩ ነው» አለች፣ «ልጅ ሁሉ መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ እሱ ነው።» መሃሉ ድብልብል ያለ፣ አንገትና ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠምዝዞ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ልብስ አስባ ወለሉ ላይ በከሰል ሳለችው።

ስፌት የምትችለው ዘይነባ ነበረች። የሚያብረቀርቅ ቀይ ጨርቅ ግን ገበያውን አዳርሰው አጡ። የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ የራሷ የሠርግ ልብስ። መቀስ ስታነሳ አመለወርቅ እጇን ያዘቻት።

«ተይ፣ የሟች ባልሽ ማስታወሻ ነው።»

«እሱን ለማስታወስ ጨርቅ አያስፈልገኝም። ልቀቂኝ» ብላ ቆረጠችው። አምስት ቀን ሙሉ ሰፋች።

ልብሱ ሲያልቅ ከባድ ሆነ። የአመለወርቅ ወገብ አልቻለውም፤ ዘይነባ ሕዝብ ፊት መቆም አይሆንላትም። ሽታዬ ለበሰችው።

በግብዣው ቀን ዘበኛው አስቆማት። «ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ!»

በሩን ዘጋባት። መንገደኛው ሳቀ፤ አንዱም «አሮጊት ከረሜላ!» ብሎ ጮኸ። አመለወርቅ አንገቷን ልትደፋ ምንም አልቀራት። ሽታዬ ግን «አሮጊቷ ከረሜላ እንኳን አደረሰህ ትልሃለች!» ብላ እስክስታዋን አወረደችው። የሳቁት ማጨብጨብ ጀመሩ። ዋናውን መንገድ እየጨፈረች ዞራ ስትመለስ ግማሹ ከተማ ከኋላዋ ነበር። ዘበኛው ከፈተ፤ ምን ያድርግ?

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ገረመው ልብሱን ዙሪያውን እየዞረ አየው፤ ስፌቱን ዳሰሰ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የዕድሜው ነገር ቀርቷል፤ የመረጥኩት ይሄንን ነው። ሥራው ግን የአንድ ሰው ነው። የማንን ስም ልጻፍ?»

ሦስቱ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር።

«የእኔን» አለች አመለወርቅ። ቃሉ አምልጧት ነበር፤ ግን አልመለሰችውም። እሷ ባትነሳ ማን ይነሳ ነበር?

«ጨርቁም የእኔ፣ ስፌቱም የእኔ» አለች ዘይነባ።

«በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ሽታዬ፣ ልብሱን ሳታወልቅ።

ተያዩ። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ፤ ሥራው የሚገባው ለማን ነው?